ምን ይገለጥ? ምን ይሸፈን? ስለ ቤተ ክርስቲያን አሠራር ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ቤተ ክርስቲያን ግልጽነት፣ ስለ ምሥጢር ጥበቃና ከመንግሥት ጋር ስላለው ግንኙነት ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ብዙ ላካችሁልኝ፣ ተባረኩ። እኔ ለዓመታት በሒሳብ ክፍልም በሽማግሌዎች ስብሰባም ያገለገልኩ ምዕመን ነኝ። ካየሁት አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ብዙ ቦታ ነገሩ ተገልብጧል፤ መከፈት ያለበት ሒሳብ ይቆለፋል፣ መሸፈን ያለበት የሰው ገመና ይወራል።

ጥያቄ፦ ሒሳብ ስንጠይቅ «ለእግዚአብሔር ሰጥታችሁ ስታበቁ ምን አገባችሁ?» እንባላለን። መጠየቃችን ኃጢአት ነው?

መልስ፦ በፍጹም። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን ይዞ አልሄደም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮ እንዲሄድ አደረገ። ምክንያቱን በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ላይ ታገኙታላችሁ፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይኖር ነው። ሐዋርያው እንኳ «እመኑኝ» ብሎ ካላለፈው፣ የዛሬ ሰብሳቢ ከየት አምጥቶ ይለዋል?

ጥሩ አሠራር ከባድ አይደለም። መባው እንደተሰበሰበ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ይደግማል። ካልገጠመ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ሲገጥም ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ከረጢቱ ይታሸጋል። አንድ ቀን በጥቂት ሳንቲም አልገጥም ብሎን አመሸን። «ከኪሴ ልሙላውና እንሂድ» አልኩ። አብሮኝ የሚቆጥረው አዛውንት እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ዛሬ ከሞላህ፣ ነገ ደግሞ ታወጣለህ» አለኝ። እንደገና ቆጠርን። ሳንቲሞቹ ከረጢቱ ስፌት ውስጥ ተሸጉጠው ተገኙ።

ጥያቄ፦ የአገልጋዮች ደመወዝም ይነገር?

መልስ፦ ይነገር። ሐሜትን የሚያቆመው ቁጥር ነው። ደመወዙ ሲወሰን ግን ባለቤቱ ከስብሰባው ይውጣ።

ጥያቄ፦ የትዳሬን ችግር ለአንድ አገልጋይ ነገርኩት። በሳምንቱ የማላውቃቸው ሰዎች «እየጸለይንልሽ ነው» አሉኝ። አሁን ቤተ ክርስቲያን መሄድ አስጠላኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም አዝናለሁ። «የጸሎት ርዕስ» የሚባለው ነገር ስንቱን ሰው እንደሰበረ አይቻለሁ። ስም ጠርቶ፣ ዝርዝሩን አውጥቶ «ጸልዩላት» ማለት ሐሜት ነው። ጸሎት ስለተጨመረበት አይቀደስም።

ኑዛዜ ባለባቸው አብያተ ክርስቲያናት ጉዳዩ የቆየ ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1215 የተካሄደው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አራተኛው የላተራን ጉባኤ፣ የሰማውን ኑዛዜ ያወጣ ካህን ከክህነቱ እንዲሻርና ዕድሜ ልኩን በገዳም ንስሐ እንዲገባ ወስኗል። ምን ያህል እንደከበዳቸው ተመልከቺ። ኑዛዜ በሌለበት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እንዲህ ያለ የተጻፈ ደንብ ብዙ ጊዜ አይኖርም። ስለዚህ ከመናገርሽ በፊት «ይሄን ለማን ትነግራለህ? ለባለቤትህስ?» ብለሽ መጠየቅ መብትሽ ነው።

አሁን ምን ታደርጊ? ማቴዎስ 18 እንደሚለው መጀመሪያ ለራሱ ለአገልጋዩ፣ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገሪው። ለእነማን እንደተናገረ በስም ይንገርሽ። ሄዶም ይቅርታ ይጠይቅ፣ ወሬውንም ያስቁም። አልሰማ ካለ አንድ ሁለት የምታምኛቸውን ሰዎች ይዘሽ ተመለሺ። ጥፋቱ የእሱ ሆኖ ሳለ ከቤተ ክርስቲያን የምትቀሪው አንቺ መሆን የለብሽም።

ጥያቄ፦ አንድ ሕፃን ላይ ጥቃት እንደደረሰ መሪዎቻችን ያውቃሉ። «ምሥጢር ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ትሰደባለች» ብለው ዝም አሉ።

መልስ፦ ይሄን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ምሥጢር የሚጠበቀው የተጎዳውን ለመሸፈን ነው። ጎጂውን የሚሸፍን ከሆነ ምሥጢር መባሉ ቀርቶ ተባባሪነት ይባላል። የምታውቀውን ዛሬውኑ ለፖሊስ ወይም ለሕፃናት ጥበቃ አካል ተናገር፤ የመሪዎቹን ፈቃድ አትጠብቅ። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ብዙ ጉዳት ከደረሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ፍራንሲስ በእንዲህ ያሉ ጉዳዮች ላይ የነበረውን የጳጳሳዊ ምሥጢር ግዴታ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኒቱን የጽሕፈት ቤት ጉዳዮች በምሥጢር የመያዝ ግዴታ፣ አንስተዋል። የኑዛዜው ማኅተም፣ ማለትም ካህን በኑዛዜ የሰማውን እንዳያወጣ የሚከለክለው ሕግ፣ ግን እንዳለ ነው። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው፤ የጽሕፈት ቤት ፋይል ኑዛዜ አይደለም። የሕፃኑን ስም ደግሞ ማንም በጉባኤ አይጥራ።

ጥያቄ፦ አንድ ባለሥልጣን የአባላትን ዝርዝርና የምክር አገልግሎት መዝገብ ጠየቀን። እንስጥ?

መልስ፦ ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርብ፤ በየትኛው ሕግ እንደሚጠይቅም ይጻፍ። ሕግ የሚያዘውን፣ ግብርንም ጭምር፣ ሳታጉረመርሙ ፈጽሙ። ከዚያ ያለፈውን በትሕትና እምቢ በሉ። የምክር ማስታወሻ ከአባላት መዝገብ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ። ባይጻፍ የሚሻለውም ብዙ ነው።

የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ ያደረገውን አስቡ። የፓትርያርኩን መንበር አስቀርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1721 ቤተ ክርስቲያንን ራሱ በሚሾመው ሲኖዶስ ሥር አደረጋት። በዓመቱ ካህናት በኑዛዜ የሰሙትን በንጉሡ ላይ የተጠነሰሰ ሤራ እንዲያሳውቁ ታዘዙ። መጀመሪያ ሹመቱ ተወሰደ፣ ኑዛዜው ተከተለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሒሳቧ የተዝረከረከ ቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን ፊት እምቢ ማለት አትችልም። «ፋይላችሁን ላውጣው?» ሲላት ትንበረከካለች። ሒሳቧ በየዓመቱ ኦዲት ሆኖ በአባላት ፊት የሚነበብ ከሆነ ግን በምን ያስፈራራታል?

ጥያቄ፦ ከመንግሥት ነጻ መሆን ማለት ስለ ፍትሕ ዝም ማለት ነው?

መልስ፦ እንዲያውም ነጻ ያልሆነ ነው ዝም የሚለው። እ.ኤ.አ. በ390 የሮም ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ በተሰሎንቄ ሕዝብ አስጨፈጨፈ። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ መጀመሪያ ያደረገው በገዛ እጁ፣ ንጉሡ ብቻ የሚያነበው ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ንስሐ ካልገባህ ቅዱስ ቁርባን አታገኝም አለው። ንጉሡም በአደባባይ ንስሐ ገባ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1934 ደግሞ የናዚ መንግሥት ቤተ ክርስቲያንን የራሱ መሣሪያ ሊያደርጋት ሲሞክር፣ በጀርመን ባርመን በተባለ ስፍራ የተሰበሰቡ ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት አካል ልትሆን አይገባም ብለው በይፋ አወጁ።

መድረክ ላይ «እገሌን ምረጡ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ያ የፍትሕ ድምፅ አይደለም፤ ሎሌነት ነው። ያስመረጣችሁትን ሰው ነገ ልትገሥጹት አትችሉም።

ጥያቄ፦ አንድ ሽማግሌ ታገዱ። «በግል ምክንያት» ብቻ ተባልን።

መልስ፦ በራሳቸው ፈቃድ ከለቀቁ ይሄ ይበቃል። ጥፋት ተረጋግጦ ከሆነ ግን አይበቃም። አንደኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 5 በሽማግሌ ላይ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ክስ አትቀበል ይላል፤ ጥፋተኛውን ደግሞ በሁሉ ፊት ገሥጽ ይላል። የጥፋቱ ዓይነት፣ የተወሰነው ውሳኔና ማን እንደወሰነው ይነገር። የተጎዱት ሰዎች ማንነት አይነገር።

ጥያቄ፦ እኔ ተራ ምዕመን ነኝ። ብጠይቅ «አመፀኛ» ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ፍርሃትህ ይገባኛል። ብቻህን አትሂድ፣ በጉባኤ መሀልም አትነሣ። ሦስት አራት ሆናችሁ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ማንንም አትክሰሱ። «ያለፈው ዓመት ገቢና ወጪ መቼ ይነበብልናል? ኦዲት ያደረገውስ ማን ነው?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁ። ቀን ጻፉበት፣ ፈርሙ፣ አንድ ቅጂ እናንተ ጋ ይቅር። በወሩ መልስ ካላገኛችሁ ያንኑ ደብዳቤ ይዛችሁ ተመለሱ።