ሰዓት ቆጣሪውን አጥፊው

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው፦ በግራፊክ ዲዛይን ልትመረቂ ነው፤ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች የቋንቋ መማሪያ መተግበሪያ መሥራት ትፈልጊያለሽ፤ ለቀጣሪ የምታሳዪው ሥራ ግን የለሽም። «ፊደሉን አተልቄ፣ ቀለሙን አድምቄ ባሳይ ይበቃል ወይ?» ብለሻል።

አይበቃም። ፊደል ማተለቅማ ማንም ያውቃል።

ልኮቹን ሳትይዢ ግን ቃለ መጠይቅ አትግቢ። ደብሊውሲኤጂ የሚባለው የተደራሽነት መመሪያ ተራ ጽሑፍ ከጀርባው ጋር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ንፅፅር ይኑረው ይላል። አፕል የሚነካ ቁልፍ ከ44 በ44 ነጥብ (የስክሪን መለኪያ ነው) እንዳያንስ ይመክራል። ለዚህ አንድ ከሰዓት ይበቃሻል።

ከባዱ ነገር ያለው ልምምዱ ውስጥ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ ቀድሞ የሚያመልጠው ቀጫጭን ድምፅ ነው፤ እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉት ይደበዝዛሉ። በእነዚህ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ቃላት አሰምተሽ «የቱ ነው?» ብትዪ የፈተንሽው ጆሮን እንጂ ቋንቋን አይደለም። ድምፅ መጨመር ብቻውን አይፈታውም። ቀስ ብሎ የሚደግም ቁልፍ አስገቢ፤ ቃሉንም በጽሑፍ አሳዪ። ለመልስ የተሰጠውን ጊዜ የሚቆጥረው ሰዓት ቆጣሪ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። በዕድሜ የሚቀንሰው የምላሽ ፍጥነት ነው፤ የቃላት እውቀት ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቆያል። ሰውየው መልሱን እያወቁት ሰዓት አልቆ «ተሳስተዋል» ይባላሉ። እኔ ብሆን መተግበሪያውን ያኔውኑ አጠፋው ነበር።

ስለዚህ አዲስ መተግበሪያ ለመሥራት አትነሺ። ካሉት አንዱን ውሰጂ፤ ከዚያም አንድ ትምህርት ብቻ ምረጪ። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ አምስት ሰዎች ሲሞክሩት አጠገባቸው ቁጭ በዪ። አትርጂ፣ አታሳዪ። ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብድ ታዪዋለሽ፤ እጅሽ በራሱ ወደ ስልኩ ይሄዳል። «ይቅርታ ልጄ፣ እኔ ስልክ ላይ ሰነፍ ነኝ» ሲሉሽ የትኛው ገጽ ላይ እንደሆኑ ጻፊ። የተበላሸው ያ ገጽ ነው።

ያንን ትምህርት ብቻ እንደገና ንደፊና ለሌሎች አምስት ሰዎች ስጪ። ፖርትፎሊዮሽ (ለቀጣሪ የምታሳዪው የሥራ ስብስብ) ውስጥ ያየሽውን፣ የቀየርሽውን፣ ከተቀየረም በኋላ ያልሠራውን አስቀምጪ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይደብቀዋል፤ እኔ ቀጣሪ ብሆን መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።

ብቻ ሥራሽን «የአዛውንቶች መተግበሪያ» እንዳትዪው። የ65 ዓመት ሰው አዛውንት የሚለው ጎረቤቱን ነው። ማስታወቂያ ስትፈልጊም በዚህ ስም ብዙ ክፍት ቦታ አታገኚም፤ «ዩኤክስ ዲዛይነር» (የተጠቃሚን ተሞክሮ የሚነድፍ ባለሙያ)፣ «ተደራሽነት»፣ «የትምህርት ቴክኖሎጂ» እያልሽ ፈልጊ።