«ሚስት ከፈረመች ምን ችግር አለው?»

ጥያቄ፦ ጀርመን፣ ካሰል ከተማ የምኖር ባለትዳር ነኝ። በቅርቡ ከባለቤቴ ጋር በቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን የመስፍኑን የፊሊፕንና የሚስቱን የክርስቲነን መቃብር አይተን ነበር። መስፍኑ በሚስቱ ላይ ሌላ ሴት እንዳገባ፣ ሚስቱ በጽሑፍ እንደፈቀደች፣ ማርቲን ሉተርም እንደተስማማ እዚያው ሰማን። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ «ሚስት ከፈረመች ምን ችግር አለው? ሉተር እንኳ ፈቅዷል» ይለኛል። አገር ቤት ሌላ ሊያገባ አስቦ የስምምነት ወረቀት አቅርቦልኛል። የመስፍኑ ጋብቻ ሕጋዊ ነበር? እኔስ ብፈርም ምን ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ አይፈርሙ። ምክንያቱ ረዘም ስለሚል ይህን አስቀድሜ ልበልዎት።

ባለቤትዎ የጠቀሱት ታሪክ እውነት ነው። የሰሙት ግን ግማሹን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሄሰን ግዛት ገዥ የነበረው ፊሊፕ ክርስቲነን ያገባው በ1523 ነው፤ ገና 19 ዓመቱ ነበር። እሷ የዛክሰኑ መስፍን የጌኦርግ ልጅ ናት። የዚያን ጊዜ የመሳፍንት ጋብቻ የሁለት ቤት ውል ነው፤ መሬት፣ ውርስና ወታደር አብሮ ይታሰባል። አባትየው የሉተር ብርቱ ተቃዋሚ ነበር። የልጁ ባል ፊሊፕ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሉተር ወገን ገባ። በ1531 የፕሮቴስታንት መሳፍንትና ከተሞች ንጉሠ ነገሥቱን ካርል አምስተኛን ፈርተው የሽማልካልደንን ኅብረት ሲመሠርቱ፣ ከሁለቱ መሪዎች አንዱ ፊሊፕ ሆነ። የእሱ የቤት ጣጣ የአገር ጣጣ የሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

በ1539 ፊሊፕ ታሞ ነበር። በዝሙት ስለኖረ ለመቁረብ ኅሊናው እንቢ ብሎታል። ዓይኑ ያረፈው በእህቱ ቤት በምታገለግል የ17 ዓመት ልጅ፣ በማርጋሬተ ፎን ደር ዛለ ላይ ነው። የልጅቷ እናት ግን ልጃቸው ዕቁባት እንድትሆን አልፈቀዱም። ምስክር ያለበት ጋብቻ ይሁን አሉ።

ፊሊፕ ማንን ይጠይቅ? ሮም ያሉት ጳጳስ ለእሱ ዳኛ መሆናቸው ቀርቷል። ስለዚህ ማርቲን ቡትሰር የተባለውን የሃይማኖት ሊቅ ሉተር ወዳለበት ወደ ቪተንበርግ ከተማ ላከ። ሉተርና የሥራ ባልደረባው ሜላንክቶን የፈረሙበት ምክር ታኅሣሥ 10 ቀን ወጣ። ይህን ወረቀት እንደ ጠበቃ ሆነን እናንብበው። ለሁሉ የሚሆን ሕግ አይደለም፤ የአንድ ሰው ኅሊና ስለተጨነቀ የተሰጠ ነው። በምስጢር እንዲያዝም ያዛል። እኛ የነፍስ አባት ምክር የምንለው ዓይነት ነው። ዳኛ ፊት ሊቀርብ የማይችል ወረቀት መብት አይሰጥም።

የክርስቲነ ፊርማ የተጻፈው በማግስቱ፣ ታኅሣሥ 11 ነው። የልጆቿ የውርስ መብት እንዳይነካ ብላ ፈቀደች። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ፊርማ ነው። ሊከራከርላት ይችል የነበረው አባቷ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ሞቷል። የብዙ ልጆች እናት ናት። ባሏ የአገሩ ገዥ ነው። እንቢ ብትል ወዴት ትሄዳለች? እንዲህ ባለ ሁኔታ የተገኘ ፈቃድ ሲቀርብልኝ፣ መጀመሪያ የማነሳው ነጻ ፈቃድ መሆን አለመሆኑን ነው።

ሰርጉ መጋቢት 4 ቀን 1540 በፉልዳ ወንዝ ዳር ባለችው በሮተንቡርግ ተደረገ። ሜላንክቶንም እዚያው ነበር። ምስጢሩ ግን ብዙም አልቆየም።

አሁን ወደ ሕጉ። ካሮሊና የሚባለው የንጉሠ ነገሥቱ የወንጀል ሕግ ከ1532 ጀምሮ ነበር። አንቀጽ 121 በጋብቻ ላይ ጋብቻን ከዝሙት የከፋ ወንጀል ይለዋል፤ ቅጣቱም ከዘማዊ ቅጣት እንዳያንስ ያዛል። «ሚስት ከፈቀደች ይቅር» የሚል ቃል የለበትም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ፦ አልነበረም፣ ሕጋዊ አልነበረም። ምክሩን የሰጡትም አደባባይ ወጥተው አልቆሙለትም። ሜላንክቶን በጭንቀት ቫይማር ላይ ታሞ ለሞት ደረሰ። ሉተር ደግሞ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሲባል ነገሩን በደንብ አድርጎ መካድ ይሻላል አለ።

ፊሊፕ ከቅጣት ያመለጠው በፖለቲካ ነው። በ1541 በሬገንስቡርግ ከካርል ጋር ተዋዋለ፤ ከፈረንሳይ ጋር ላይወዳጅ፣ የክሌቨን መስፍንም ወደ ኅብረቱ ላያስገባ ቃል ገባ። የክሌቨው መስፍን የኅብረቱ የሌላው መሪ፣ የዛክሰኑ መራጭ መስፍን (ንጉሠ ነገሥቱን ከሚመርጡት አንዱ፤ የክርስቲነ አባት አይደለም) የሚስት ወንድም ነው! በ1543 ንጉሠ ነገሥቱ ሲዘምትበት ኅብረቱ አልደረሰለትም። በ1547 ደግሞ ተራው የፊሊፕ ሆነ፤ ኅብረቱ ተሸንፎ አምስት ዓመት ታሰረ።

ማርጋሬተስ? ወንዶች ልጆቿ የዲትስ ግራፍ የሚል ማዕረግ አገኙ እንጂ የአባታቸውን አገር አልወረሱም። ፊሊፕ በ1567 ሲሞት ሄሰንን የተካፈሉት አራቱ የክርስቲነ ልጆች ናቸው። ማርጋሬተ ከእሱ አንድ ዓመት ቀድማ በሽፓንገንበርግ አርፋለች። እናትና አባት ብለው የሄሰን መኳንንት ያከበሯቸው፣ እርስዎ ባዩት መቃብር ላይ የተቀረጹት ፊሊፕና ክርስቲነ ናቸው።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ልመለስ። በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1306 መሠረት ባለትዳር የሆነ ሰው ሌላ ማግባት አይችልም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 172 እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም የገንዘብ ቅጣት አለው። በኢትዮጵያም የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 11 ይከለክላል፤ በጋብቻ ላይ ጋብቻ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 650 ያስቀጣል። የእርስዎ ፊርማ የተከለከለውን ጋብቻ አያጸናውም።

ወረቀቱን አይቅደዱት፤ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ሰርጉ የት እንደታሰበ ይጻፉልኝ፤ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ቦታው ያስፈልገኛል። እዚያው ካሰል የቤተሰብ ሕግ ጠበቃ ያነጋግሩ። ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ አምትስጌሪክት (የአካባቢው ፍርድ ቤት) ሄደው «ቤራቱንግስሂልፈ» የሚባለውን የሕግ ምክር ድጋፍ ይጠይቁ። መታወቂያዎንና የገቢ ማስረጃዎን ይዘው ይሂዱ።