ከእንጦጦ የወረደችው ጠብታ የት ትደርሳለች?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ከልጅነቴ ጀምሮ ካርታ ሳይ ሌላው ሁሉ ይረሳኛል። ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ካርታ ሳይ ነበር የምውለው፣ በዚህም በኩርኩም ተቀጥቻለሁ። አሁን ስልክ ይዤም ያው ነኝ። መንገድ ከማሳየት ያለፈ፣ በነፃ የሚታይና ጊዜ የሚያስረሳ ነገር ካለ ጠቁሙኝ።
(ካርታ ወዳዱ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቅድሚያ እንቅልፍህን ተሰናበት። ሪቨር ራነር ግሎባል የሚባል ድረ ገጽ አለ። ካርታው ላይ የፈለግከውን ቦታ ትነካለህ፤ እዚያ አንዲት የዝናብ ጠብታ ወደቀች ይባልና ውሃዋ የምትሄድበትን መንገድ ከላይ እየበረርክ ትከተላታለህ። በእንጦጦ ጀምር። ወደ አዲስ አበባ በኩል የወደቀችው ጠብታ አቃቂ ወንዝ ገብታ አዋሽን ትይዛለች፣ በቆቃ አድርጋ አንተው አጠገብ ታልፍና፣ ትምህርት ቤት እንደነገሩን፣ ባሕር ሳታይ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ትቀራለች። ጣትህን ጋራውን አሻግረህ በሱሉልታ በኩል ብትነካስ? ሙገር፣ አባይ፣ ካርቱም፣ ካይሮ፣ ከዚያ ሜዲትራኒያን። አንድ ጋራ ላይ፣ ከአንድ ደመና የወረዱ ሁለት ጠብታዎች! እኔ ይሄን ካየሁ በኋላ የዘመዶቼን መንደር ሁሉ አዳርሻለሁ።

ዘ ትሩ ሳይዝ ደግሞ የአገሮችን ትክክለኛ ስፋት የምታወዳድርበት ነው። ያ ግድግዳ ላይ ያየኸው ካርታ በ1569 እ.ኤ.አ. መርካቶር ለመርከበኞች ብሎ በነደፈው ዘዴ የተሠራ ከሆነ፣ ግሪንላንድን አፍሪካን አሳክሎ አሳይቶሃል። እዚህ ግሪንላንድን በጣትህ ጎትተህ ኢትዮጵያ ላይ አስቀምጣት። ሁለት ኢትዮጵያ ብትሆን ነው። አፍሪካ ውስጥ 14 ጊዜ ያህል ትገባለች።

የድሮ ካርታ የምትወድ ከሆነ የመነኩሴውን የፍራ ማውሮን ካርታ ፈልግ። በ1450 እ.ኤ.አ. አካባቢ ቬኒስ ውስጥ የተሳለ የዓለም ካርታ ነው። ደቡቡ ከላይ ስለሆነ እኔ መጀመሪያ ሳየው ስልኬን ገልብጬ ነበር። ደስ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ መነኩሴው ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ያገኘው ከዚያው አገር ከተወለዱ ካህናት እንደሆነና በእጃቸው ስለው እንዳሳዩት ካርታው ላይ ራሱ ገልጿል። አባይንም በስሙ ታገኘዋለህ፣ ፊደሉ ትንሽ ቢጣመምም። አጉልተህ እየው፣ አትቸኩል።

ጎግል ኧርዝ መቼም አይጠፋህም። ደብረ ታቦር ዙሪያ ውረድና ቡናማው እርሻ መሐል ክብ ክብ አረንጓዴ ነጥቦች ፈልግ። የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። እያንዳንዱ ክብ መሐል ላይ ጣሪያ አለ።

ጥያቄ፦ ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ያለው መንገድ ካርታ ላይ የለም። ዕቃ የሚያመጡልን ልጆች ሁልጊዜ ይጠፋሉ። ለማን ነው አቤት የሚባለው?
(እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እናቴ፣ አቤት ማለት አያስፈልግዎትም፣ ራስዎ ይሥሩት። ኦፕንስትሪትማፕ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም ሰው የሚያርመው ካርታ ነው። አካውንት ይከፍታሉ፣ የሳተላይት ፎቶው ላይ መንገዱን ተከትለው መስመር ያሰምራሉ፣ ስሙን በአማርኛ ይጽፋሉ። ከጎግል ማፕ ላይ ስም መገልበጥ ግን ክልክል ነው፤ ሰፈሩ የሚጠራበትን ይጻፉ። ልጆቹ ደግሞ ኦርጋኒክ ማፕስን ስልካቸው ላይ ይጫኑ። በዚሁ ካርታ ነው የሚሠራው፣ አንዴ ካወረዱት ኔትወርክ ባይኖርም መንገድ ያሳያል። ያሰመሩት ወዲያው ካልታየ ግን አይደናገጡ፤ አፑ ካርታውን የሚያድሰው በየጊዜው ስለሆነ እስከዚያው በር ላይ ወጥቶ መጠበቅ ነው።