3 በ 4 ብለህ አትመህ 2.8 ከወጣ፣ መጀመሪያ ማስመሪያ አንሣ

ጥያቄህ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በማይክሮሶፍት ወርድ 3 በ 4 ሴ.ሜ አድርገህ ያስተካከልኸው ጉርድ ፎቶ ታትሞ ሲለካ 2.8 በ 3.75 ገደማ ሆነ። ሁለተኛው፣ በአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር በስልክ የተነሣው ፎቶ 10 በ 15 ወረቀት ላይ ሲወጣ የድባቡ ጫፍ ተቆረጠ። ሁለቱንም በፕሪንተሩ አታመካኝ። የመጀመሪያው መጠን ማነስ ነው፤ ሁለተኛው የቅርጽ አለመገጣጠም። መፍትሔያቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱን ለማስተካከል ብለህ የሌላውን ቅንብር አትነካካ።

የፎቶ ወረቀት ከማባከንህ በፊት በተራ ኤ4 ወረቀት ላይ እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሴ.ሜ የሆነ ካሬ አትምና በማስመሪያ ለካው። 10 የመረጥሁት ስሕተቱ ሳይሰላ በመቶኛ እንዲነበብ ነው፤ ቁጥሩም ጥፋተኛውን ይነግርሃል።

9.4 ከሆነ የፕሪንተሩ ድራይቨር (ኮምፒዩተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) የወረቀት መጠን ሌተር፣ ማለትም የአሜሪካው መጠን፣ ላይ ነው ያለው። ኤ4 ቁመቱ 29.7 ሴ.ሜ ነው፣ ሌተር ደግሞ 27.94። ረጅሙን ገጽ አጭሩ ላይ ለማግባት ኮምፒዩተሩ ሁሉንም ነገር ወደ 94 በመቶ ያሳንሰዋል። 3 ሴ.ሜ የነበረው 2.82፣ 4 የነበረው 3.76 ይሆናል። ያንተ ፎቶ ልክ እዚህ ላይ ነው የወደቀው። ዊንዶውስ አሜሪካ ተብሎ ከተጫነ ሌተርን በራሱ ይመርጣል፤ እኛ ጋ ያሉት ኮምፒዩተሮች ደግሞ አብዛኞቹ እንደዚያ የተጫኑ ናቸው።

9.7 ከሆነ ነገሩ ትንሽ ያደናግራል፤ ሁለት ምክንያት አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣልና። ወይ ሰነዱ ራሱ ሌተር ሆኖ ወረቀቱ ኤ4 ነው (21 ሲካፈል ለ 21.59)፣ ወይ ደግሞ ፒዲኤፍ ማንበቢያው «ፊት» (Fit፣ ገጹን በወረቀቱ ልክ አድርግ) ላይ ሆኖ ገጹን በፕሪንተሩ የ 3 ሚ.ሜ ነጭ ጠርዝ ውስጥ አጥብቦታል። ፒዲኤፍ ከሆነ «አክችዋል ሳይዝ» ወይም 100 በመቶ የሚለውን ምረጥ።

10.2 ወይም 10.3 ከሆነ ጠርዝ አልባው ማተሚያ፣ ቦርደርለስ የሚባለው፣ በርቷል። ነጭ መስመር እንዳይቀር ፎቶውን ሆን ብሎ ከወረቀቱ ያሰፋዋል። ለጉርድ ፎቶ በጭራሽ አትጠቀምበት።

ስፋቱ ልክ ሆኖ ቁመቱ ብቻ ከተዛባ ግን ቅንብር አትፈልግ፤ ወረቀት ሳቢው ጎማ እየተንሸራተተ ነው። የበጋው አቧራ ነው ይህን የሚያመጣው። በትንሹ እርጥብ በሆነ፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ ጥረገው።

አሁን ወደ መፍትሔው። በየጊዜው ከማተሚያ መስኮቱ ብትቀይረው ነገ ተመልሶ ሌተር ይሆንብሃል። ከፕሪንተሮቹ ዝርዝር ውስጥ ያንተን ከፍተህ «ፕሪንቲንግ ፕሪፈረንስስ» ውስጥ ኤ4 አድርገው፤ በዚያው ይቀራል። ከዚያ በማይክሮሶፍት ወርድ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «አድቫንስድ» ግባና ወደ ታች ወርደህ ፕሪንት በሚለው ክፍል «ስኬል ኮንተንት ፎር ኤ4» የሚለውን ምልክት አንሣ። ሲጫን ጀምሮ በርቶ ስለሚመጣ ሳይጠይቅህ የሚያሳንሰው እሱ ነው። እዚያው ገጽ ላይ ምስል እንዳይጨመቅ የሚያደርገውን «ዱ ኖት ኮምፕረስ» ምልክት አድርግበት፤ አለዚያ ሰነዱ ሲቀመጥ ፎቶህን ወደ 220 ፒክስል (የምስል ነጥብ) በኢንች ሊያወርደው ይችላል።

ፎቶውን 3 በ 4 ስታደርግ ሁለቱን ቁጥር ዝም ብለህ አትጻፍ። የጎንና የቁመት ቁልፉን («ሎክ አስፔክት ሬሾ») ፈትተህ ካስገባኸው ፊቱ ይወፍራል ወይም ይረዝማል፣ ፎቶውን የሚቀበለው ሰውም ወዲያው ያየዋል። መጀመሪያ «ክሮፕ»፣ «አስፔክት ሬሾ»፣ 3:4 ብለህ ቁረጥ፤ ከዚያ ስፋቱን ብቻ 3 ሴ.ሜ ብለህ ጻፍ፣ ቁመቱ ራሱ 4 ይሆናል።

በአንድ 10 በ 15 ወረቀት (በትክክል 10.16 በ 15.24 ሴ.ሜ ነው) ዘጠኝ ጉርድ ይገባል፣ ሦስት በሦስት። ገጹን በዚህ ልክ አድርግ፣ ጠርዙን 0.35 ሴ.ሜ፣ ከዚያ የእያንዳንዱ ሴል (ሣጥን) ስፋት 3.1፣ ቁመት 4.1 የሆነ ሠንጠረዥ ሥራ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ የሴሉ ግራና ቀኝ ውስጠኛ ጠርዝ ሳይነካ 0.19 ሴ.ሜ ነው፤ ዜሮ ካላደረግኸው የምታስገባው ፎቶ ወደ 2.72 ይጠብባል፣ አንተም እንደገና ፕሪንተሩን ትከሳለህ።

ወደ ድባቡ እንምጣ። ስልክ በአብዛኛው በ 4 ለ 3 ያነሣል፤ 10 በ 15 ወረቀት ግን 3 ለ 2 ነው። ስልኩ ተጋድሞ የተነሣ ፎቶ 15.24 ሴ.ሜ ስፋት ሲሞላ ቁመቱ 11.43 ይሆናል፤ ወረቀቱ 10.16 ብቻ ስለሆነ ከላይ 6 ከታች 6 ሚ.ሜ ገደማ ይወድቃል። ከላይ የድባቡ ጫፍ፣ ከታች የካህናቱ እግር። ስልኩ ቆሞ ከሆነ የሚቆረጠው ከግራና ቀኝ ነው። ይህን የሚያደርገው በዊንዶውስ የፎቶ ማተሚያ መስኮት ላይ «ፊት ፒክቸር ቱ ፍሬም» የሚለው ምልክት ነው። ብታነሣው ፎቶው ሙሉውን ይወጣል፣ ግን 13.55 ሴ.ሜ ብቻ ሆኖ በግራና ቀኝ ከ 8 ሚ.ሜ በላይ ነጭ ይቀራል። የቤተሰብ አልበም ከሆነ ነጩ ምንም አይደለም፣ በመቁረጫ ይነሣል። የፋሲል ግንብን አራት የማዕዘን ጉልላቶች ወይም ታቦት ያለበትን ፎቶ ግን ለማሽን አትተወው፤ ራስህ 3 ለ 2 ቁረጠው፣ ከላይ ትርፍ ሰማይ ካለ ብቻ። በቦርደርለስ የምታትም ከሆነ በየጠርዙ ሌላ 2 እስከ 3 ሚ.ሜ እንደሚበላ አስብበት።

ጥራትን በተመለከተ ስሌቱ ይሄ ነው፦ ሴንቲ ሜትሩን ለ 2.54 አካፍለህ (ኢንች ይሆናል) በ 300 ፒክስል አባዛ። 3 በ 4 ጉርድ 354 በ 472 ፒክስል ይበቃዋል፤ 10 በ 15 ደግሞ 1800 በ 1200 ይፈልጋል። በፕሪንተሩ ካርቶን ላይ የተጻፈው 5760 የቀለም ነጠብጣብ ቁጥር ነው፣ ከዚህ ጋር አታምታታው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል ሆኖ ይደርሳል። በ 10 በ 15 ላይ 213 ፒክስል በኢንች ነው፣ ያስኬዳል፤ ኤ4 ላይ ወደ 109 ይወርዳል፣ ያኔ ፊት ሁሉ ይደበዝዛል። የላከልህ ሰው እንደ ፋይል ደግሞ ይላክልህ።

መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ያቺ ወረቀት አለቀላት፤ መልሰህ አታስገባት፣ ሁለተኛው ምስል ከመጀመሪያው ጋር ልክ አይገጥምም። ሲመጣም ተሰልፎ የቀረውን ሥራ ሰርዘህ እንደ አዲስ ላክ፤ አለዚያ ፕሪንተሩ አሮጌውን ሥራ በተላከበት ቅንብር ይቀጥልልሃል።