መልስ፦ 28 ማይል በጋሎን በሊትር ስንት ይሆናል?

ከአሜሪካ የገባችው መኪናህ ዳሽቦርዷ ላይ 28 የምታሳየው በሊትር 11.9 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ 28ን በ0.425 አባዛው። ለ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደምትበላ ለማወቅ ደግሞ 235ን ለ28 አካፍል፦ 8.4 ሊትር።

የእንግሊዝ ብትሆን ጋሎኑ ስለሚተልቅ (4.55 ሊትር፣ የአሜሪካው 3.79) 282ን ነው የምታካፍለው፤ ያው 28 ወደ 10 ሊትር ይጠጋል።

አደራ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ስትወርድ ብቻ ለክተህ «አትበላም» እንዳትል። ቁልቁለቱን እግርህን ከነዳጅ መስጫው አንስተህ በማርሽ ነው የምትወርደው፤ ዋናውን ነዳጅ የሚበላው የመልሱ ዳገት ነው። ደሴ ላይ ሰልባትዮውን ፉል አድርግ፣ ሁለት ሦስቴ ደርሰህ ተመለስ፣ እዚያው ማደያ እንደገና ሙላ። የገባውን ሊትር በ100 አባዝተህ ለተጓዝከው ኪሎ ሜትር አካፍል። ከዳሽቦርዱ ይልቅ ይህን እመነው።