ከሰባቱ ምንጮች ሦስቱ የሉም

ጥያቄ፦ የ3ኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለአራት የቡድን ሥራ ተሰጠን። አንዱ ጓደኛችን ድርሻውን በአንድ ሌሊት ጨርሶ ላከልን፤ ጽሑፉ ያምራል። ምንጮቹን ላረጋግጥ ብዬ ስፈልግ ግን ከሰባቱ ሦስቱ ጭራሽ የሉም። ስጠይቀው «ቻትጂፒቲ ነው የሰጠኝ፣ ደግሞ ማን ያያል?» አለኝ። ለመምህሩ ብናገር ጓደኛዬን አሳልፌ መስጠት ይመስለኛል። ዝም ብል ደግሞ ስሜ አለበት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ምንጮቹን አንድ በአንድ መፈለግሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙው ሰው እዚያ ድረስ አይሄድም።

ቻትጂፒቲ የሚጽፈው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ነው። ለዚህ ነው የደራሲ ስም፣ ዓመትና የገጽ ቁጥር እውነት አስመስሎ የሚደረድረው። «ማን ያያል» ላለው ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠረላቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ያየው የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ነበር፣ ልክ እንዳንቺ ፈልጎ ስላጣቸው።

በማሽን የተጻፈውን የሚለይ ሶፍትዌር ይያዘው ብለሽም አትተዪው። የቻትጂፒቲ ሠሪ ኩባንያ ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን መለያ በዚያው ዓመት፣ ስድስት ወር ሳይሞላው፣ በትክክል አይለይም ብሎ አንስቶታል። እንዲህ ያሉ መለያዎች ተማሪ በገዛ እጁ የጻፈውን የማሽን ነው ሲሉም ታይተዋል።

እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) መጠቀሙ ብቻውን ነውር ነው አልልም። ያልገባውን እንዲያብራራለት ቢጠይቀው፣ መምህሩ ከፈቀደም ቋንቋውን ቢያስተካክልበትና ይህንኑ ቢገልጽ ችግር የለውም። ያላነበቡትን እንዳነበቡ አድርጎ ማቅረብ ግን ውሸት ነው፣ እሱም አራታችሁን ነው የሚያስዋሸው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ያ ሌሊት ነው። ሦስት ጓደኞች እያሉት አንዳችሁንም አልጠየቀም። የቡድን ሥራ ደስ የሚለው እኮ አንዱ «ይቺ አልገባችኝም» ሲል ሌላው ሊያስረዳ ይጀምርና መሀል ላይ እሱም እንዳልገባው ሲያውቅ፣ ከዚያ ተከራክረው፣ ተኳርፈው፣ ተሳስቀው ሲጨርሱት ነው። ስልክ ሲጠየቅ አይታዘብም፣ ስለዚህ ይቀላል። ምናልባት አላውቅም ማለት አፍሮ ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለብቻው አግኚው፣ ሰው ፊት አታድርጊው። «ሦስቱን አብረን እንፈልጋቸው፣ ካጣናቸው ክፍሉን አብረን እንደገና እንጽፈዋለን» በይው። እምቢ ካለ ለሁለቱ ጓደኞቻችሁ ንገሪ። ያም ካልሆነ ለመምህሩ እንደምትናገሪ አስቀድመሽ ለራሱ አሳውቂው፤ ፊት ለፊት ነግረሽው የምታደርጊው ነገር ክህደት አይደለም።

እሺ ካለሽ ግን ወረቀቱን ዝጉና የጻፈውን በራሱ አፍ ያስረዳሽ። የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ቁሙ፣ መጻፉን ከዚያ ጀምሩት።