የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የተገዛ የቆየ ጌም አልከፈት ሲል

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። እኔ የሐዋሳ ከተማ፣ የአቶቴ ሰፈር ነዋሪ ነኝ። ውጭ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ፣ በልጅነታችን በሰፈራችን ኮምፒውተር ማሠልጠኛ ወረፋ እየጠበቅን እንጫወተው የነበረውን «ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ፌት ኦፍ አትላንቲስ» የተባለ ጌም ከአንድ የኢንተርኔት መደብር ገዝቶ በስጦታ ላከልኝ። በላፕቶፔ ላይ ጫንኩት፤ ነገር ግን ልከፍተው ስሞክር ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። መደብሩን በጽሑፍ ብጠይቅም እስካሁን ምላሽ አላገኘሁም። ቤት ውስጥ ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕም አለን። ወንድሜ ያወጣው ገንዘብ እንዲያው ባክኖ ይቀራል ማለት ነው?

መልስ፦ ገንዘቡ አልባከነም። ወንድምዎ የላከልዎ ጌም በውስጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይዟል። አንደኛው ታሪኩ፣ ሥዕሉ፣ ሙዚቃውና የተዋንያኑ ድምፅ የተቀመጡባቸው ፋይሎች ናቸው፤ ሁለተኛው እነዚህን ፋይሎች እያነበበ በስክሪን ላይ የሚያጫውተው ፕሮግራም ነው። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲወጣ አጫዋቹ ፕሮግራም የተጻፈው ዶስ ለተባለው የቀድሞ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ነበር፤ የዛሬዎቹ ባለ 64 ቢት ዊንዶውሶች ደግሞ የዚያን ዘመን የዶስ ፕሮግራሞች በቀጥታ ማስኬድ አይችሉም። ፋይሎቹን በካሴት፣ ፕሮግራሙን በቴፕ ብንመስላቸው፣ ባጭሩ ካሴቱ ደህና ነው፤ የማይሠራው ቴፑ ነው።

ለዚህ ካሴት የሚሆነው አዲስ ቴፕ ስካምቪኤም ይባላል። ክፍት ምንጭ የሆነ፣ ማንም ሰው በነፃ የሚያወርደውና ኮዱንም የሚያየው ሶፍትዌር ነው። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 የወጣ ሲሆን፣ ከጀማሪዎቹ አንዱ ኋላ ላይ ዩቶረንት የተባለውን ፋይል ማውረጃ የሠራው ስዊድናዊው ሉድቪግ ስትሪጌውስ ነው። ስሙ የመጣው ሮን ጊልበትና አሪክ ዊልመንደር እ.ኤ.አ. በ1987 ሉካስፊልም ጌምስ በተባለው የጌም ኩባንያ ውስጥ «ማኒያክ ማንሽን» ለተባለው ጌም ካዘጋጁት ስካም ከተሰኘው የአሠራር ሥርዓት ነው። የእርስዎም ጌም የተሠራው በዚሁ ሥርዓት ስለሆነ፣ እነዚህ ሰዎች በዚያን ጊዜ ያደረጉት ነገር ዛሬ ለእርስዎ ተረፈ ማለት ይቻላል። የኮምፒውተሩ ዓይነት ብዙ ስለነበረና ለእያንዳንዱ ጌሙን እንደ አዲስ መጻፍ አድካሚ ስለሆነ፣ ታሪኩን የሚመራውን ጽሑፍ ከአንባቢው ፕሮግራም ለይተው አስቀመጡት። ሁለቱ ተጣብቀው ቢሠሩ ኖሮ፣ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሌላ ሰው አንባቢውን ብቻ እንደገና ጽፎ ታሪኩን ማስነሣት እጅግ በከበደው ነበር።

ብዙ ሰው ስካምቪኤምን ዶስቦክስ ከተባለው ሌላ ሶፍትዌር ጋር ያምታታዋል። ዶስቦክስ አሮጌውን ኮምፒውተር ከነዶሱና ከነድምፅ ካርዱ አስመስሎ በላፕቶፕዎ ውስጥ የሚፈጥር ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ የሚሮጠው ያው የድሮው ፕሮግራም ነው። ስካምቪኤም ግን የድሮውን ፕሮግራም ጨርሶ ትቶ ፋይሎቹን ራሱ ያነባል። በዚህ ምክንያት ሸክሙ ቀላል ነው፤ ቤትዎ ያለው አሮጌ የሊኑክስ ላፕቶፕም ያለ ችግር ይሸከመዋል። ሁለቱም አማራጭ ሲኖርዎ እኔ ስካምቪኤምን አስቀድማለሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ጌሙን በዊንዶውሱ ላፕቶፕ ላይ ስለጫኑት ፋይሎቹ እዚያው አሉ። የተጫነበትን ፎልደር ይክፈቱና «አትላንቲስ.000»፣ «አትላንቲስ.001» እና «ሞንስተር» የሚል ስም ያላቸውን ፋይሎች ይፈልጉ፤ የመጨረሻው የንግግሩን ድምፅ የያዘው ነው። ስሞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፉ መሆናቸውን አይዘንጉ። ሦስቱን ወደ አንድ አዲስ ፎልደር ኮፒ ያድርጓቸው። ስካምቪኤምን ከራሱ ድረ ገጽ አውርደው ይጫኑ፤ ሲከፈት «አድ ጌም» የሚለውን ይጫኑና ያንን ፎልደር ያሳዩት። ፕሮግራሙ ፋይሎቹን እንደ ጣት አሻራ ፈትሾ የትኛው ጌም፣ የትኛው እትም እንደሆነ በራሱ ይለያል። «አላውቀውም» ቢልዎ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከፎልደሩ ነው፤ ከላይኛው ፎልደር ላይ ቆመው ይሆናል፣ ወይም አንዱ ፋይል በኮፒ ላይ ተጎድቶ ይሆናል። ሐዋሳ ውስጥ በካፌ ኔትወርክ አውርዶ በፍላሽ ወደ ቤት መውሰድ የተለመደ ስለሆነ፣ ፍላሹን በወጉ ሳያሰናብቱ ከመንቀል መጠንቀቅ ይገባል።

ለሊኑክሱ ላፕቶፕ ሦስቱን ፋይሎች በፍላሽ ማሻገር ብቻ በቂ ነው። ስካምቪኤም ኡቡንቱና ዴቢያን በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች የሶፍትዌር ማከማቻ ውስጥ ስለሚገኝ ከዚያው ይጫናል። ከአንዳንድ መደብሮች የሚወርደው ጌም በዊንዶውስ መጫኛ ታሽጎ ቢመጣና ዊንዶውስ በአቅራቢያዎ ባይኖር፣ ኢኖኤክስትራክት የተባለች ትንሽ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ እሽጉን ፈትታ ፋይሎቹን ታወጣልዎታለች።

ከከፈቱት በኋላ ማስተካከል የሚገባዎ ሁለት ነገር አለ። ሥዕሉ የተሣለው በአግድም 320፣ በቁመት 200 ነጥብ ሲሆን፣ የዚያን ዘመን ስክሪን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ያሳየው ነበር፤ በዛሬው ስክሪን ላይ ሰዉ ሁሉ አጥሮና ወፍሮ ከታየዎ በሥዕል ማስተካከያው ውስጥ የምጥጥን ማረሚያውን ያብሩ። ሌላው ንግግሩ ነው። ድምፁና ጽሑፉ አብረው እንዲታዩ ማድረግ፣ የጽሑፉንም ፍጥነት መቀነስ ይቻላል፤ እንግሊዝኛው ቢፈጥንብዎ የስፔስ ቁልፍ ጌሙን ያቆመዋል። ወንድምዎ ከእርስዎ ጋር ሲጫወት እንግሊዝኛውን ማን ይተረጉም እንደነበር ባላውቅም፣ አሁን ብቻዎን ስለሆኑ ይህ ይጠቅምዎታል ብዬ አስባለሁ።

መብራት ስለሚጠፋ ጉዳይም ልጨምር፤ በተለይ አሮጌው ላፕቶፕ ባትሪው የሞተ ከሆነ። ስካምቪኤም ካልቀየሩት በቀር በየአምስት ደቂቃው ጨዋታውን በራሱ ይመዘግባል፤ ስለዚህ ድንገት ቢጠፋብዎ የሚያጡት የጥቂት ደቂቃ ድካም ነው። ራስዎ መመዝገብ ሲፈልጉ ደግሞ ኮንትሮልንና ኤፍ5ን አብረው ይጫኑ፤ የራሱ ማውጫ ይመጣልዎታል። በድሮው የዶስ ፕሮግራም የተመዘገበ ጨዋታ ካለዎ ግን በዚህኛው አይከፈትም፤ ከመጀመሪያው መነሣት ግድ ነው። ጌሙ መካከል ላይ በአጋር፣ በብልሃት ወይም በጡጫ በሚሉ ሦስት መንገዶች ስለሚከፈል፣ ድሮ ያልሄዱበትን መምረጥ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በፒያሳ አካባቢ እንዲህ ያሉ የድሮ ጌሞችን በፍላሽ እየገለበጡ የሚሸጡ አሉ። ስካምቪኤም ሕጋዊ ከሆነ ከእነሱ የገዛሁትን ባጫውትበት ምን ነውር አለው?

መልስ፦ የቴፑ ሕጋዊነት ካሴቱን ሕጋዊ አያደርገውም። ስካምቪኤም በውስጡ አንድም የንግድ ጌም የለውም፤ ፋይሎቹን የሚያመጡት እርስዎ ነዎት። የጌሙ ባለመብት ሳይፈቅድ ገልብጦ መሸጥ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው። በሕጋዊ መንገድ የገዙትን ለመጠባበቂያ ገልብጦ ማስቀመጥ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው።

የቅጂ ጥበቃ ጉዳይ አዲስ አለመሆኑንም ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው «ዘ ሲክሬት ኦፍ ሞንኪ አይላንድ» ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ የባሕር ወንበዴዎች ፊት የታተመበት የሚሽከረከር የወረቀት ክብ አብሮ ይመጣ ነበር፤ ጌሙ ሲከፈት የአንዱን ፊት ያሳይና ተጫዋቹ ከክቡ ላይ ዓመተ ምሕረቱን አንብቦ እንዲያስገባ ይጠይቅ ነበር። ወረቀቱ የጠፋበት ሰው፣ በሐቅ የገዛም ቢሆን፣ ከውጭ ይቀር ነበር። ዛሬ ከሚሸጡት መደብሮች መካከል እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው ጎግ ጌሞቹን ያለ ዲጂታል ቁልፍ በመሸጥ ይታወቃል። ሌላ መደብር ሲመርጡ ግን ከመክፈልዎ በፊት የጌሙን ፋይሎች በእጅዎ የሚሰጥዎ መሆኑን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፕ የለኝም፤ ውጭ የሚከፈልበት ካርድም የለኝም። በስልኬ ልሞክረው እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ስካምቪኤም ለአንድሮይድ ስልክም አለ። ክፍያውን በተመለከተ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው በነፃ የለቀቋቸውና ከስካምቪኤም ድረ ገጽ የሚወርዱ ጌሞች ስላሉ ካርድ አያስፈልግዎትም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው «ቢኒዝ ኤ ስቲል ስካይ» ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ ሬቮሉሽን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 በነፃ ለቆታል። «ፍላይት ኦፍ ዘ አማዞን ኩዊን»ም እንዲሁ ነፃ ነው፤ ቀልድ ከወደዱ ከእሱ ይጀምሩ።

የወረደው ፋይል በዚፕ ስለሚታሸግ በስልክዎ ፋይል ማስተዳደሪያ ይፍቱት፤ ከዚያ በስካምቪኤም ውስጥ ፎልደሩን ሲጨምሩ አንድሮይድ ፈቃድ ይጠይቅዎታል፣ እሺ ይበሉት። በጣት መጠቆም በትንሽ ስክሪን ላይ መጀመሪያ ያስቸግራል፤ ጥቃቅን ዕቃዎችን ለመንካት የሚቸገሩ ከሆነ ገመድ ያለው ማውስ ኦቲጂ በተባለው፣ የዩኤስቢ ዕቃን ከስልክ ጋር በሚያያይዘው ማገናኛ ስልኩ ላይ ይሰኩ።